ርካሽ ኢርፎን እንዴት ይፈተናል፦ ከጎማው እስከ በገናው

ብዙዎቻችን ኢርፎን የምንገዛው እንዲህ ነው። ሞባይል ቤት እንገባለን። ባለሱቁ ያቀበለንን እንሰካለን። ስልካችን ላይ ያለውን አንድ ሞቅ ያለ ዘፈን ከፍተን ድምፁን እስከ ጥግ እንለቀዋለን። ቤዙ ጆሯችንን ከመታው «ይሄ ጥሩ ነው» ብለን እንከፍላለን። ሳምንት ሳይሞላ ጆሯችን መድከም ይጀምራል። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ አንዱ ጎን ይዘጋል።

እኔም ለዓመታት የገዛሁት እንደዚያ ነበር። አሁን ግን በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ድምፅ ማግኘት ስለተቻለ እንደዚያ መግዛት ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡትን ሙንድሮፕ ቹ እና ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ የተባሉ ሁለት ኢርፎኖች ተመልከቱ። ሲወጡ የሁለቱም ዋጋ 20 ዶላር አካባቢ ነበር። በየጎናቸው ያላቸው አንድ ባለ10 ሚሊ ሜትር ዳይናሚክ ድራይቨር ብቻ ነው፤ ድራይቨር ማለት ውስጥ ሆኖ ድምፁን የሚያወጣው ክፍል ነው። ድምፃቸው ግን ከዋጋቸው በላይ ነው። ችግሩ በዚያው ዋጋ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ የማይረባውም ሞልቷል። ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁለቱንም እኩል ያሞግሳል። ስለዚህ መፈተን የእናንተ ሥራ ነው።

የማወራው ስለ ባለሽቦ ኢን-ኢር ነው። ጎማው የጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ሽቦው በጆሮ ላይ ዞሮ ከኋላ ይወርዳል። ሙዚቀኞች መድረክ ላይ የራሳቸውን ድምፅ ለመስማት የሚያደርጉት ዓይነት ማለት ነው። ብሉቱዝ ያላችሁም የኬብሉን ነገር ዝለሉትና ሌላውን ተጠቀሙበት።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ ጎማውን፣ ከዚያ ድምፁን፣ በመጨረሻ በቀናት። ሰው የሚሳሳተው ድምፁን ከሁሉ ስለሚያስቀድም ነው።

ለፈተናው የሚያስፈልጋችሁ

ስልካችሁ ይበቃል። የጃክ ቀዳዳ ከሌለው ታይፕ ሲ ዶንግል፣ ማለትም ጃኩን ከስልኩ ቻርጅ ቀዳዳ ጋር የሚያገናኝ አጭር መሰኪያ፣ ያስፈልጋል። ዶንግሉ ውስጥ ድምፁን የሚያወጣ ትንሽ ቺፕ ስላለ የማይረባ ዶንግል ጥሩውን ኢርፎን ያሳጣዋል። ምንም ሳይጫወት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ዶንግሉን ጠርጥሩ። የአፕሉ ዶንግል በራሱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከብዙ አንድሮይድ ስልኮች ጋር ሲሰካ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ይህን ሳያውቁ «ኢርፎኑ አቅም የለውም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ።

ስልኩ ላይ ያለውን ኢኳላይዘር፣ ቤዝ መጨመሪያ እና የድምፅ ማሳመሪያ ሁሉ አጥፉ። ካላጠፋችሁ የምትፈትኑት ስልኩን ነው።

የምታጫውቱት ፋይልም ይወስናል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተደጋግሞ የተጨመቀ ኤምፒ3 ላይ ጭብጨባና ጸናጽል እንደ ውሃ ይንቦጫረቃል። ያ የኢርፎኑ ጥፋት አይደለም። ቢቻል ከዋናው ምንጭ ጥራቱ ከፍ ያለውን ፋይል አውርዱ። በዚህ ላይ የምታውቁትን አንድ አሮጌ ኢርፎን ለማወዳደሪያ ያዙ። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ጨምሩ። ወረቀቱን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ጆሮ ትናንት የሰማውን ቶሎ ይረሳል።

አንደኛ፦ ሳትሰኩት በእጃችሁ መርምሩት

የኢርፎኑን ቀፎ በሁለት ጣት ይዛችሁ በጥፍራችሁ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ክፍተት ወይም የፈሰሰ ሙጫ ካለ ላብ ሲነካው ይከፈታል። ቀስ አድርጋችሁ ጆሯችሁ ጋ ነቅንቁት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ አትውሰዱት።

ጎማው የሚሰካበትን ቱቦ እዩ። ጫፉ ላይ ጎማውን ይዞ የሚያስቀር ከንፈር መኖር አለበት። ከንፈር ከሌለው ኢርፎኑን ስታወጡ ጎማው ጆሯችሁ ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ በወረንጦ ማውጣት ደስ አይልም። የቱቦው አፍ ላይ ደግሞ ቀጭን ወንፊት አለ። ሁለቱም ጎን በትክክል የተለጠፈ፣ ያልታጠፈ፣ ሙጫ ያልሸፈነው መሆኑን በብርሃን አረጋግጡ። በርካሽ ዕቃ ላይ አንዱ ጎን ከሌላው አንሶ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከዚህች ወንፊት የተነሳ ነው።

ቀፎው ላይ መርፌ የወጋት የምትመስል ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ስህተት አይደለችም። አየር እንዲተነፍስ ሆን ተብሎ የተበሳች ናት። በጣት ወይም በተለጣፊ አትድፈኗት፤ ቤዙ ይለወጣል።

ኬብሉ ላይ ትንሽ ቆዩ። ርካሽ ኢርፎን የሚሞተው በኬብሉ ነው። ኬብሉ ጃኩ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ እንደልብ የሚታጠፍ ጎማ ካለ ጥሩ ነው። ደረቅ ፕላስቲክ ላይ ድንገት የሚያልቅ ከሆነ ኪስ ውስጥ ሲታጠፍ ይበጠሳል። የሚነቀል ኬብል ያለውን ከቻላችሁ ምረጡ። ሙንድሮፕ ቹ መጀመሪያ ሲወጣ ኬብሉ አይነቀልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው የቹ 2 ኬብል ግን ይነቀላል። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ሽቦ ሲበጠስ ኬብል ብቻ መግዛትና ሙሉ ዕቃ መጣል በጣም ይለያያሉ። በዚህ ዋጋ ብዙ የምታዩት መሰኪያ ባለ ሁለት ፒን ነው፤ የፒኑ ውፍረት 0.78 ሚሊ ሜትር ነው። ስትሰኩት በመጠኑ ጠበቅ ማለት አለበት። ሲነካ የሚላቀቅም፣ ጡንቻ የሚጠይቅም መጥፎ ነው። ስትነቅሉ ሽቦውን ሳይሆን የመሰኪያውን አካል ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።

አሁን ሰክታችሁ አንድ ሰው የሚያወራበት ቅጂ ዝቅ ባለ ድምፅ ክፈቱ። ጃኩን ቀስ እያደረጋችሁ አሽከርክሩ። ፒኖቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጉ። ኬብሉ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ እጠፉት፣ ዘርጉት። አንዴም ቢሆን «ጭርር» ካለ ወይም አንዱ ጎን ከጠፋ ነገሩ አለቀ። አዲስ ሆኖ ጭርር ያለ ዕቃ እየዋለ አይሻለውም። አንድ ጊዜ ባለሱቁ «ሲለምድ ይተዋል» ብሎኝ ገዛሁ። አልተወም።

ጎን መለየት ደግሞ ቀላል ነው። ቀይ ለቀኝ። ሁለቱም በ«ቀ» ስለሚጀምሩ አይረሳም። ቀለም ከሌለ ኤል ለግራ፣ አር ለቀኝ ነው።

ሁለተኛ፦ ጎማው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ክፍል ውሰዱ።

ኢን-ኢር የጆሮ ቀዳዳን እንደ ክዳን መግጠም አለበት። ጎማው ካልገጠመ አየር ያፈስሳል፣ አየሩ ይዞት የሚሄደው ደግሞ ቤዙን ነው። የሚቀረው ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያልገጠመ ምርጥ ኢርፎን ከገጠመ መናኛ ኢርፎን ያንሳል።

ይህን የተማርኩት በእህቴ ልጅ ነው። አንድ ኢርፎን ገዝቼ ቀኑን ሙሉ ሰማሁት። ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ ሆነብኝ። «ውሰደው» ብዬ ሰጠሁት። በሳምንቱ ስንገናኝ ሲያመሰግነኝ ግራ ገባኝ። ተቀብዬው አደረግሁት። ከበሮው አለ። ዘፋኙ አጠገቤ ቆሟል። ልጁ ያደረገው ነገር ቢኖር ሳጥኑ ውስጥ በላስቲክ የነበረውን ትልቁን ጎማ መቀየር ብቻ ነው። እኔ ላስቲኩን አልከፈትኩትም ነበር።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ኢርፎኑን በቀኝ እጃችሁ ወደ ቀኝ ጆሮ አቅርቡ። ግራ እጃችሁን በጭንቅላታችሁ ላይ አሻግራችሁ የቀኝ ጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት። የጆሮ ቀዳዳ ጠማማ ነው፤ ሲሳብ ይቀናል። ያን ጊዜ ኢርፎኑን በትንሹ እያዞራችሁ አስገቡና ጆሯችሁን ልቀቁ። ጆሮው ራሱ ጎማውን ይይዘዋል።

መግጠሙን በሦስት ነገር ታውቃላችሁ። የውጭው ጩኸት ወዲያው ራቅ ይላል። የራሳችሁን ስም ስትጠሩ ድምፃችሁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ወፍሮ ይሰማችኋል። ሦስተኛው ዋናው ነው። 50 ኸርዝ አካባቢ ያለ ወፍራም ድምፅ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል) ወይም ከበሮ ያለበት ቦታ ከፍታችሁ ኢርፎኑን በጣታችሁ ጫን አድርጉ። ስትጫኑት ቤዙ ድንገት ከመጣ፣ ስትለቁት ከሄደ አልገጠመም። ጎማ ቀይሩ።

ከትልቁ ጀምሩና ወደ ትንሹ ውረዱ። ብዙ ሰው ከመካከለኛው ጀምሮ እዚያው ይቀራል። ሁለቱ ጆሯችሁ አንድ መጠን ላይሆኑ ይችላሉ። ቀኙ ላይ ትልቅ፣ ግራው ላይ መካከለኛ ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ሲያስገቡት እንደ ፕላስቲክ ወረቀት «ቅርጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አትደንግጡ። አየሩ የድራይቨሩን ሽፋን ሲገፋው ነው። ቀስ ብላችሁ ብታስገቡት ይቀንሳል።

ጎማው ድምፅም ይለውጣል። አፉ ሰፊ የሆነ ጎማ ብዙ ጊዜ ቀጭኑን ድምፅ ይገልጠዋል፣ አፉ ጠባብ የሆነው ቤዙን ያጎላዋል። ከስፖንጅ የተሠራው ደግሞ የሚወጋውን ድምፅ ያለዝባል፣ ጩኸትም ይከለክላል፤ ግን ቶሎ ይቆሽሻል። ድምፁ አልጥም ካላችሁ ኢርፎን ከመቀየራችሁ በፊት ጎማ ቀይሩ። በጣም ርካሹ ማሻሻያ እሱ ነው።

ከገጠመ በኋላ ሳታወጡት ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ጆሮ ውስጥ የሚቆረቁር ጠርዝ በ5 ደቂቃ አይታወቅም። ለሱቅ ፍተሻ ደግሞ የራሳችሁን ንጹሕ ጎማ በትንሽ ላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ሰው ጆሮ የገባውን ጎማ ጆሯችሁ ውስጥ አታስገቡ።

ሦስተኛ፦ ድምፁን እኩል አድርጉ

ሁለት ኢርፎን ስታወዳድሩ በትንሹም ቢሆን የሚጮኸው ጆሮን ያታልላል። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) ቢሆን «ይሄኛው ይጮሃል» አትሉም፤ «ይሄኛው ይጠራል» ነው የምትሉት። ሌላም አለ። ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ቤዝ መስማት ይቀንሳል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተዋል። ሱቅ ውስጥ ጥግ ድረስ ሲለቁት ሁሉም ቤዝ ያለው የሚመስለው ለዚህ ነው።

መላው ይህ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበትን ቅጂ ክፈቱ። በአንዱ ኢርፎን ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያወራ ያህል ሲሰማችሁ አቁሙ። የድምፁን ቁጥር ጻፉ። በሌላውም ያንኑ ያህል እስኪሰማችሁ አስተካክሉና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ በኋላ አትነካኩት። ሚዛኑን በሰው ድምፅ እንጂ በቤዝ አትውሰዱ።

አራተኛ፦ በምታውቁት ድምፅ ፈትኑት

ገምጋሚዎች የሚጠቀሙባቸው የውጭ ዘፈኖች አሉ። እኔ ግን የማላውቀውን ድምፅ ትክክል ይሁን አይሁን በምን እለያለሁ? እውነተኛውን ሰምቼ የማውቀው በገናን፣ ከበሮን፣ ጭብጨባን፣ የሰውን ወሬ ነው። በነሱ ነው የምፈትነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ከሰው ንግግር ጀምሩ። የሬዲዮ ዜና ወይም ወግ ይሆናል። ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ቢሆን እንዲህ ይሰማል? ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ከመሰለ ቤዙ ወደ መሃለኛው ድምፅ ፈስሷል። አፍንጫውን ይዞ የሚያወራ ወይም በስልክ የሚናገር ከመሰለ ደግሞ መሃሉ ያለ ልክ ወጥቷል።

ቀጥሎ የሚወጋውን ፈልጉ። አማርኛ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሰ፣ ዘ፣ ጸ ያሉት ድምፆች ኃይላቸው ያለው ከ5,000 እስከ 9,000 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ርካሽ ኢርፎን የሚያበላሸውም እዚያው ጋ ነው። አንድ ጓደኛችሁን በስልክ ማይክ ይህን እንዲያነብ አድርጉና ቅዱት፦ «ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ሰባት ሰዎች ሲሳሳቁ ሰማሁ።» ሰውየውን ታውቁታላችሁ፣ ድምፁንም ታውቁታላችሁ። «ሰ» በመጣ ቁጥር መርፌ ከወጋችሁ ያ ኢርፎን በሁለት ሰዓት ውስጥ ያደክማችኋል። «ሰ» እና «ሸ» ከተቀራረቡ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ተቆርጧል። ጠ፣ ጨ፣ ቀ ያለባቸውንም ስሙ። «ቀጭን ጠጠር» ሲል ፊደሎቹ ጥርት ብለው መፈንጠር አለባቸው።

አሁን በገና። ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ ለፈተና የምመርጠው እሱን ነው። በገና 10 አውታር አለው። አውታሩ ከሚያርፍበት እንጨት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዚራ ትባላለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ ያንዘረዝራል። በዐቢይ ጾም ከየቤቱ የምንሰማው ያ «ዝዝዝ» የሚል ነዘር ከሷ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንድ ምት ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ከታች ወፍራሙ ድምፅ፣ ከላይ ነዘሩ። ጥሩ ኢርፎን ሁለቱንም አንድ ላይ ግን ለየብቻ ያሰማችኋል። ወፍራሙ ሲመጣ ነዘሩ በላዩ ላይ ይጋልባል፣ ወፍራሙ ሲሞት ነዘሩ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቤዙ የተጋነነ ኢርፎን ላይ ሁሉም «ግም ግም» ይሆናል፣ አንዱ አውታር ከሌላው አይለይም። ቤዝ የሌለው ላይ ደግሞ ንብ ብቻ ትቀራለች። የዓለሙ አጋን የበገና ቅጂዎች ለዚህ እወዳቸዋለሁ፤ በገናውና የሰውየው ድምፅ ብቻ ስለሆነ መሸሸጊያ የለም። ሰውየው ዝቅ ብሎ ሲያዜም ድምፁ በገናው ውስጥ ይሰምጣል ወይስ ፊት ለፊት ይቆማል? መልሱን ጻፉት።

ለከበሮ የማኅሌት ወይም የመንዙማ ቅጂ ክፈቱ። ከበሮው መጀመሪያም መጨረሻም ሊኖረው ይገባል። «ድም» ብሎ መቆም እንጂ «ድምምም» ብሎ ቀጣዩ ምት ላይ መፍሰስ የለበትም። እዚያው ላይ ጭብጨባውን ስሙ። ብዙ ሰው ሲያጨበጭብ ብዙ እጅ ነው መሰማት ያለበት። አንድ ትልቅ «ጯ» ከሆነ ኢርፎኑ ዝርዝር ያንሰዋል። ጸናጽሉ ደግሞ ለቀጭኑ ድምፅ ጥሩ ፈታኝ ነው። ብረት ብረት መሽተት አለበት ብል ትረዱኛላችሁ። አሸዋ ሲረጭ ከመሰለ ጥሩ አይደለም።

ማሲንቆ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ አንድ ነገር ብቻ ስሙ። ከፍ ሲል ዓይናችሁን ያስጨፍናችኋል? ካስጨፈናችሁ 3,000 ኸርዝ ዙሪያ ያለው በዝቷል። ክራር ላይ ጣት አውታሩን የምትነካበትን ቅጽበት ፈልጉ። ዋሽንት ላይ ትንፋሹን።

የቦታ ስሜትን ለመፈተን የሙላቱ አስታጥቄን ቪብራፎን (በመዶሻ የሚመታ ባለ ብረት ሰሌዳ መሣሪያ) የመሰለ፣ ብዙ መሣሪያ አንድ ላይ ያለበት ሥራ ጥሩ ነው። የቪብራፎኑ ድምፅ ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ ሲሞት ተከተሉት። ሌሎቹ መሣሪያዎች ሲገቡ ይጠፋባችኋል ወይስ እስከ መጨረሻው ይዛችሁት ትሄዳላችሁ? የድሮ የሸክላ ቅጂዎችን ግን ለቀጭኑ ድምፅም ለቦታም አትመኑባቸው። ብዙዎቹ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሽሽታም አላቸው። ለዘፋኝ ድምፅ ይሆናሉ፤ ለሌላው አይሆኑም።

እዚህ ላይ ስለ ግራፍ አንድ ቃል። ገምጋሚዎች የሚለጥፉት፣ ኢርፎኑ ከወፍራም እስከ ቀጭን የትኛውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚያሳየው ጠማማ መስመር 3,000 ኸርዝ አካባቢ ጉብታ አለው። ጉድለት አይደለም። የጆሯችን ቀዳዳ በተፈጥሮው እዚያ አካባቢ ድምፅ ያጎላል። ኢርፎን ሲደፍነው ያ ይለወጣል፣ ስለዚህ ኢርፎኑ ራሱ መመለስ አለበት። የድምፅ መሣሪያ በሚሠራው በሀርማን ኩባንያ እነ ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ብዙ አድማጮችን ፈትነው አብዛኛው ሰው የሚወደውን ሚዛን በመስመር አስቀምጠዋል። የኢን-ኢሩ መስመር እ.ኤ.አ. በ2019 ተሻሽሏል። መነሻ ይሆናችኋል እንጂ ዳኛ አይደለም። የድራይቨር ብዛትም እንደዚያው ነው። «በየጎኑ 5 ድራይቨር» የሚለው ጽሑፍ ስለ ድምፁ ምንም አይነግራችሁም። ወሳኙ እንዴት እንደተቃኘ ነው። ክራርም 6 አውታር ስላለው ብቻ አይጥምም፤ ሲቃኝ ነው።

አምስተኛ፦ ግራና ቀኝ

ንግግሩን እንደገና ክፈቱ። ሰውየው በትክክል በግንባራችሁ መሃል መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ኢርፎኖቹን አቀያይሩ፤ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ። ለጊዜው ባይመችም ግድ የለም። ድምፁ ኢርፎኑን ተከትሎ ወደ ሌላው ጎን ከሄደ ጥፋቱ የኢርፎኑ ወይም የኬብሉ ነው። እዚያው ጎን ከቀረ ግን ጥፋቱ የጎማው መግጠም ወይም የጆሯችሁ ነው። ኩክም ሊሆን ይችላል።

ድምፁ መሃል ሳይሆን ጭንቅላታችሁን የከበበ ከመሰለና ቤዙም የሳሳ ከመሰላችሁ ፒኑን እዩ። የሚነቀል ኬብል አንዱ ጎን ተገልብጦ ሲሰካ እንዲህ ይሆናል። አንዱ ድራይቨር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ለጆሮ ቤዙ የቀነሰ ይመስላል። አንዱን ጎን ነቅላችሁ ገልብጣችሁ ስኩት። በዚህ ምክንያት ብቻ ብዙ ጤነኛ ኢርፎን «ተበላሽቷል» ተብሏል።

ከዚያ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ የሚወጣ የሙከራ ድምፅ ዩቲዩብ ላይ ፈልጉ። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጉ። እያንዳንዱን ጎን ለብቻ ስሙት። ታች ላይ ንዝረት ወይም ማንኳኳት ካለ ቀፎው ውስጥ የላላ ነገር አለ። ላይ ሲወጣ በድንገት የሚጮህ ቦታ ካለ ቁጥሩን ጻፉ። ጎማውን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ ስታደርጉት ያ ቦታ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ከተንቀሳቀሰ በጎማ ታስተካክሉታላችሁ። በተረፈ ቀጭኑን ጫፍ አለመስማት የዕድሜ ጉዳይ ነውና ኢርፎኑን አትውቀሱት።

ስድስተኛ፦ ሳምንት አድርጉት

ክፍል ውስጥ ያለፈው ታክሲ ውስጥ ይወድቃል። ከመገናኛ ፒያሳ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ አድርጉት። የድምፁን ቁጥር ምን ያህል ጨመራችሁ? ጎማው የገጠመ ኢን-ኢር የሞተሩንና የረዳቱን ድምፅ በራሱ ያርቃል፣ መጨመር አያስፈልግም። በጣም ከጨመራችሁ ወደ ጎማው ተመለሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል። በእግር ስትሄዱና መንገድ ስታቋርጡ ግን አንዱን አውጡት። የገጠመ ጎማ የመኪና ጥሩምባንም ያርቃል።

እየተራመዳችሁ ኬብሉ ልብስ ሲነካ «ቅር ቅር» የሚለውን ስሙ። ሁሉም ኬብል በመጠኑ ይላል። በጆሮ ላይ በደንብ ካዞራችሁትና አገጭ ሥር ያለችውን ማጥበቂያ ከሳባችሁ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ በእግር ለሚሄድ ሰው አይሆንም።

በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀታችሁን አውጡ። ከዚያ ወደ አሮጌው ኢርፎን አንድ ቀን ተመለሱ። አዲሱ ምን እንደሰጣችሁ በደንብ የሚታወቀው ያን ቀን ነው። ከቻላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ሌላ ሰው ሁለቱን እያቀያየረ ያቀብላችሁ። በቅርጽ እንዳትለዩት ጆሯችሁ ላይ እሱ ያድርግላችሁ።

ከጻፋችሁት ጉድለት ውስጥ የሚታለፍና የማይታለፍ አለ። ቤዝ ማነስ በጎማ ይታከማል። መጠነኛ መውጋት በስፖንጅ ወይም ኢኳላይዘር ላይ 2 ወይም 3 ዴሲቤል በመቀነስ ይለዝባል። የማይመች ኬብል ይቀየራል። ጭርር የሚል መሰኪያ፣ ቀፎ ውስጥ ያለ ንዝረት፣ ጆሮን የሚቆረቁር ቅርጽ፣ ዘፋኙን የሚያሰምጥ ቤዝ ግን ተስፋ የላቸውም። እነሱ ካሉበት መመለሻው ቀን ሳያልፍ መልሱት።

ከወራት በኋላ አንዱ ጎን ድምፁ ከቀነሰ ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት ጎማውን አውልቃችሁ ወንፊቷን በብርሃን እዩ። ኩክ ወይም የላብ እርጥበት ደፍኗት ይሆናል። ቱቦውን ወደ መሬት ደፍታችሁ በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። ወደ ላይ አድርጋችሁ ካጸዳችሁት ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። በመርፌም አትንኩት። ጎማውን በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እጠቡት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት። ሌሊቱን ሳጥኑን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩትና ጠዋት እንደገና ያንን የንግግር ቅጂ ክፈቱ። ሰውየው ወደ መሃል ከተመለሰ ኢርፎኑ ደህና ነው።